ኬራቲን፦ ጥቅሙ ለፀጉር፣ ጉዳቱ ለማን?

እነሆ የጤናና የውበት ዓምዳችን ዛሬም የተለመደ ቦታውን ይዞ ቀርቧል። በዚህ እትም የምናነሳው ከእህቶቻችን ደጋግሞ የሚደርሰንን ጥያቄ ነው፤ «ኬራቲን የሚባለው የፀጉር ማለስለሻ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለውን። አንዳንዶቹ «ተሠራን፣ አማረብን» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ዓይናችን ተቃጠለ፣ ሳል ያዘን» ብለው ይነግሩናል። እኛም የሁለቱንም ወገን ሰምተን፣ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የጻፉትንም አገላብጠን እንደሚከተለው አዘጋጅተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ሁለት ሴቶች በአንድ አየር ማረፊያ

ነገሩን በቁም ነገር እንድንይዘው ያደረገን ሀርጌሳ አየር ማረፊያ ያጋጠመን ጉዳይ ነው። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ አንድ ቤተሰብ ለመሸኘት ከማኅበረሰባችን አባላት ጋር ሆነን በጠዋት ደርሰናል። ቦታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሸኚና ተቀባይ ተደባልቆ ይቆማል፤ አንዱ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይጠብቃል፣ ሌላው ከዱባይ የሚገባውን። የሀርጌሳ ንፋስ ደግሞ ሰው አይመርጥም፤ አቧራውን እያነሳ ሁላችንንም ይለብጠናል።

ተጓዧ እናት ሻሿን በላይ ጣል አደረገችው እንጂ ማሰር አልፈለገችም። አብረውን የመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ንፋስ ነው፤ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው እንጂ» ሲሏት፣ «አይሆንም እማማ፣ ከታሰረ ይታጠፋል። ለሦስት ቀን ማሰርም ውሃ ማስነካትም አይቻልም ብለውኛል» አለቻቸው። ለካ ማታ ኬራቲን ተሠርታ ነው! ዓይኗ ቀልቷል። አየር ማረፊያ ላይ የማያለቅስ ስለሌለ እኛም የመሰለን ለቅሶ ነበር። «ኧረ ለቅሶውስ ገና ነው፣ ይሄ የማታው መድኃኒት ነው» ብላ ሳቀች። ከጎኗ የቆመው ትንሹ ልጇም ዓይኑን ያሽ ነበር። ፀጉሩ የተሠራው እሱ በተኛበት ክፍል ውስጥ ነው።

በዚያው ሰዓት ሌላም ሴት አብራን ነበረች። ስሟን አንጠቅስም፣ ታሪኩን ለመጻፍ ግን ፈቅዳልናለች። በካምፓችን ሹሩባ በመሥራት የምትተዳደር ወጣት እናት ናት። ዱባይ የምትሠራ እህቷ በመንገደኛ እጅ ሻንጣ ልካላት ልትቀበል መጥታለች። ሻንጣው ሲከፈት በልብስ የተጠቀለለ አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ወጣ። ኬራቲን ነው። አቅፋ ሳመችው፤ «ይሄ የሥራዬ መነሻ ነው» አለች።

አጠገባችን የቆሙ አንድ የሀርጌሳ አዛውንት ይህን ሁሉ እያዩ ፈገግ አሉ። እኚህ ሰው በ1988 ከዚሁ አየር ማረፊያ የተነሱ የመንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ያችኑ ከተማ ሲደበድቡ በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ከሸሹት አንዱ ናቸው፤ በሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕም ኖረዋል። «እኛ ስንወጣ ጫማም አልነበረንም። ሰው አምሮበት ሲሄድ ማየት ደስ ይላል» አሉን። ልክ ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንበል። ስደተኛ ሴት ፀጉሯን ማሳመሯ ቅንጦት አይደለም፣ የሚያስወቅስም አይደለም። ጥያቄያችን «ለምን ታማሪያለሽ?» የሚል ሳይሆን «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» የሚል ነው።

ኬራቲን ምንድን ነው?

ኬራቲን ራሱ መርዝ አይደለም። ፀጉራችንም ጥፍራችንም የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የበግ ሱፍ፣ የከብት ቀንድና ሰኮና፣ የዶሮ ላባም እንዲሁ። በጠርሙስ የሚመጣው ኬራቲን ከእነዚህ ከመሳሰሉት ተወስዶ በጣም የደቀቀ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ኬራቲን ብቻውን ፀጉርን አያቀናም። ፀጉር ላይ ቢቀባ በሚቀጥለው እጥበት ይወርዳል። እንዲይዝ የሚያደርገው አብሮት የሚገባው ኬሚካል ነው። ፀጉር ሰሪዋ ፀጉሩን አጥባ ታደርቃለች፣ ፈሳሹን ትቀባለች፣ ከዚያም እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ መተኮሻ ቀጭን ቀጭን እያደረገች ደጋግማ ትተኩሰዋለች። ኬሚካሉ በሙቀቱ ኃይል ፀጉሩን እንደቀና ያስረዋል።

ይህ ከተለመደው «ሪላክሰር» ይለያል። ሪላክሰር የፀጉሩን የውስጥ ማሰሪያ በጣጥሶ ለዘለቄታው ያቀናዋል፤ አዲስ የበቀለው ብቻ ከርዳዳ ሆኖ ይወጣል። ኬራቲን ግን በየእጥበቱ እየለቀቀ በጥቂት ወራት ውስጥ ፀጉሩ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ይህ አሠራር የተስፋፋው ከብራዚል ተነስቶ ነው። ከዚያ ወደ አሜሪካና አውሮፓ፣ ወደ ዐረብ አገራት፣ ወደ አዲስ አበባ ሳሎኖችም ደረሰ። ዛሬ ደግሞ በሻንጣ ሆኖ እኛ ጋ መጥቷል።

ጥቅሙን አንደብቅም

ሚዛናዊ ለመሆን ጥቅሙንም እንናገር። በደንብ የተሠራ ኬራቲን ፀጉርን ያለሰልሳል፣ መንጨብረሩን ይቀንሳል፣ ያብረቀርቃል። ማበጠሪያ ያለችግር ይገባል። በየቀኑ ትተኩስ የነበረች ሴት ለጥቂት ወራት ከመተኮስ ታርፋለች። ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ቦታ ፀጉርን ለመፍታትና ለማበጠር የሚጠፋው ጊዜ መቀነሱ ቀላል ነገር አይደለም። ለፀጉር ሰሪዋም ገቢ ነው፤ አንድ ኬራቲን የብዙ ሹሩባ ዋጋ ያስከፍላል።

ሆኖም ጥቅሙ ጊዜያዊ መሆኑን አትርሱ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ከሥር የሚመጣው የራስሽ ፀጉር ነው። ኬራቲን የሚሳሳን ፀጉር አያበዛም፣ የሚረግፍንም አያቆምም። እንዲያውም ከመጠን ያለፈ ሙቀት ፀጉርን አድርቆ ሊሰባብረው ይችላል። ከወሊድ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ፀጉር መርገፍ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የደም ማነስና የምግብ እጥረትም ፀጉርን ያሳሳሉ። የሕፃን ልጅ ፀጉር ከስቶና ቀልቶ፣ እግሩም አብጦ ካያችሁ ነገሩ የፀጉር ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። በብዙዎቹ የኬራቲን ፈሳሾች ውስጥ ፀጉሩን የሚያስረው ኬሚካል ፎርማልዴሃይድ ይባላል። በውሃ ሲሟሟ ፎርማሊን የሚባለው ይኸው ነው፤ በሆስፒታል ሬሳ እንዳይበላሽ የሚጠበቅበት። ኬራቲን ስትሠሩ አፍንጫን የሚሰነፍጥ፣ ዓይንን የሚያስለቅስ ጭስ የሚወጣው መተኮሻው ሲነካው ወደ ጋዝ ስለሚለወጥ ነው።

ይህ ጋዝ ሲተነፈስ ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ሳል፣ ራስ ምታትና የደረት መጨነቅ ያመጣል። አስም ያለበትን ሰው ሊያፍነው ይችላል። ቆዳ ላይ ሲፈስ ሽፍታና ማሳከክ ያስከትላል። ከዚህም የከፋው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። ይህ ማለት አንድ ጊዜ የተሠራች ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም። አደጋው ከመጠኑና ከድግግሞሹ ጋር ይጨምራል። ታዲያ ደጋግሞ የሚተነፍሰው ማን ነው? ደንበኛዋ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተሠርታ ትሄዳለች። ፀጉር ሰሪዋ ግን በእያንዳንዱ ራስ ላይ ጎንበስ ብላ ትውላለች።

በዓለም ላይ ጉዳዩን ያጋለጡትም ፀጉር ሰሪዎች ናቸው። በ2010 በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ያሉ ፀጉር ሰሪዎች «ብራዚሊያን ብሎውአውት» በሚባል ምርት ሲሠሩ አፍንጫችን ይደማል፣ ዓይናችን ይቃጠላል፣ መተንፈስ ያቅተናል ብለው አመለከቱ። በጠርሙሱ ላይ «ፎርማልዴሃይድ የለበትም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የግዛቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ፈሳሹን ሲያስመረምር ግን በብዛት ተገኘበት። በነሐሴ 2011 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባደረገው ምርመራ ከ8.7 እስከ 10.4 በመቶ የሚሆን በፈሳሽ መልክ ያለ ፎርማልዴሃይድ ማግኘቱን ገልጾ ለአምራቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ለማነጻጸር ያህል፣ በብራዚል ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ምርት እንዳይበላሽ ተብሎ እንዲጨመር የሚፈቀደው 0.2 በመቶ ብቻ ነበር። ብራዚል በ2009 ፎርማሊን በፋርማሲና በሱፐርማርኬት እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ሰዎች ገዝተው ራሳቸው ከፀጉር ማለስለሻ ጋር ይቀላቅሉት ስለነበር ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው ደንብ ፎርማልዴሃይድ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ እንዳይገባ አግዷል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። «የለበትም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኬሚካሉ ብዙ ስም አለው፤ ፎርማሊን፣ ፎርሞል፣ ሜታናል፣ ሜቲሊን ግላይኮል ይባላል። ሜቲሊን ግላይኮል ማለት ፎርማልዴሃይድ በውሃ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ሲሞቅ ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ሃይላንድ ተቀንሶ ያለ ምንም ጽሑፍ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ጨርሶ አትግዙ፤ ምን እንዳለበት ሻጩም አያውቀውም።

«ይሄኛው አዲስ ነው፣ አያቃጥልም» የሚባለውስ?

ፎርማልዴሃይድ ስሙ ከጠፋ በኋላ ብዙ አምራቾች ግላዮክሲሊክ አሲድ ወደሚባል ሌላ ኬሚካል ዞረዋል። ሽታው ቀለል ይላል፤ ስለዚህ ሰው «ደኅና ነው» ብሎ ያምነዋል። ይሁን እንጂ ይህኛውም በመተኮሻ ሲሞቅ ፎርማልዴሃይድ ሊለቅ ይችላል። ሌላም ጣጣ አለው፤ ኩላሊት።

በመጋቢት 2024 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት የአንዲት የ26 ዓመት ሴት ታሪክ አወጣ። ይህች ሴት ከዚያ በፊት የኩላሊት በሽታ አልነበረባትም። በ2020፣ በ2021ና በ2022 ፀጉሯን ባለሰለሰች ቁጥር፣ ሦስቱንም ጊዜ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የጀርባ ሕመም ያዛት፤ ኩላሊቷም ተጎዳ። በሥራው ላይ የራስ ቅሏ ቆዳ ይቃጠል ነበር፣ ቁስልም ወጥቶባት ነበር። የተቀባችው ግላዮክሲሊክ አሲድ ያለበት ነበር። ሐኪሞቹ ያንኑ ቅባት በአይጦች ቆዳ ላይ ሲሞክሩት በኩላሊታቸው ውስጥ ደቃቅ ክሪስታል ሠርቶ አገኙት። በእስራኤልም እንዲሁ ሐኪሞች ከ2019 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ፀጉር ካለሰለሱ በኋላ ኩላሊታቸው በድንገት የተጎዳ 26 ታማሚዎችን መዝግበዋል። ይህ በብዛት የሚደርስ ነገር ነው ብለን አናስፈራራችሁም፤ ይደርሳል ግን። ሐኪም ከሩቅ በሆነበት ቦታ ደግሞ የኩላሊት ነገር ቀልድ አይደለም።

ስለ ማኅፀን ካንሰርም የሚወራ አለ። የወሬው መነሻ ይህ ነው። በጥቅምት 2022 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል ተከታትሏል። ፀጉር ማቅኛ ኬሚካል ፈጽሞ ያልተጠቀሙት እስከ 70 ዓመታቸው በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ሲሆን፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የተጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ሪላክሰሩንም ሌላውንም ማቅኛ በአንድነት ያየ ስለሆነ «ኬራቲን ነው ያመጣው» ለማለት አይቻልም። አዘውትሮ መጠቀም ግን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ያሳያል።

በሸራ ቤት ውስጥ ሲሠራ

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ያቺ ፀጉር ሰሪ ከሀርጌሳ ተመልሳ ገና ሳታርፍ ወሬው ካምፑን ሞላው። ሠርግ ቀርቦ ነበርና ስድስት ልጃገረዶች ግማሽ ግማሽ ክፍያ ሰጥተው ተመዘገቡ። ገንዘቡንም ወዲያው ለልጇ ወተትና ለሱቅ ዕዳ አዋለችው። ማን ነው በእጁ ያለውን አስቀምጦ ልጁን የሚያስርብ?

የመጀመሪያዋን ደንበኛ የሠራቻት ማታ ነው። አቧራ እንዳይገባ በሩን ዘጋች፤ መስኮት የለም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሸራ። የዘጠኝ ወር ልጇ በዚያው ክፍል፣ በመጋረጃ ጀርባ ተኝቷል። ሦስት ሰዓት ፈጀባት። ሲያልቅ የደንበኛዋ ፀጉር እንደ ሐር ሆነ። ሌሊት ግን ሕፃኑ ሳል በሳል ሆነ፤ የሷም ደረት ተጨነቀ። በማግስቱ ጠርሙሱን በዘንቢል ይዛ መጣች፤ «እስቲ የተጻፈውን አንብቡልኝ» አለች።

እንግሊዝኛ የሚያነብ የጤና ባለሙያ ጋ ይዘን ሄድን። ፊት ለፊቱ በትልቁ «ፎርማልዴሃይድ የለበትም» ይላል። ከኋላው በደቃቁ ከተደረደረው መካከል ግን ግላዮክሲሊክ አሲድ አለ። በተጨማሪም «አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ክፍል ብቻ፣ በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ» ይላል። ባለሙያው አንብቦ ሲጨርስ የጠየቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ሕፃኑ የት ነበር?» ዝም አለች።

«ተዪው» አልናት። እሷም በቁጣ መለሰችልን፤ «ተዪው ማለት ለናንተ ቀላል ነው። የበላሁትን ገንዘብ ከየት አምጥቼ እመልሳለሁ? ሹሩባ በምትከፍለኝ ልጄን ላሳድገው?» አለች። እውነቷን ነው። እኛ የምንሰጣት ገንዘብ የለንም። ስለዚህ ምክራችን የሷን ኪስም ያየ እንዲሆን ሞከርን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ምክራችን ግልጽ ነው። በካምፕ ቤት ውስጥ፣ በተዘጋ ክፍል፣ ልጆች በሚያድሩበት ቦታ ኬራቲን አይሠራ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ አስም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት፣ የራስ ቅሏ ላይ ቁስል ወይም ጭርት ያለባት ሴት አትሠራ። ለልጆች ፀጉር ፈጽሞ አይደረግ። ነፍሰ ጡር የሆነች ፀጉር ሰሪም አትሥራው፤ የምትተነፍሰው እሷ ናትና።

«እኔ ግን ቆርጫለሁ» ለምትልም ዝም አንልም። የሚከተሉትን ልብ ትበል።

አንደኛ፣ ጽሑፍ የሌለበትን ጠርሙስ አትቀበይ። ጽሑፍ ካለው የፊቱን ብቻ ሳይሆን የጀርባውንም ደቃቅ ጽሑፍ የሚያነብልሽ ሰው ፈልጊ፤ ከላይ የጠቀስናቸው ስሞች ካሉበት ተይው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ከቤት ውጭ፣ ንፋስ በሚነካው ጥላ ሥር ይሁን። የሚሠራውም የሚሠራለትም ከነፋሱ በስተኋላ እንዲሆን፣ ጭሱ ወደ ፊታቸው እንዳይመለስ። ይህ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ሦስተኛ፣ በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አትተማመኑ። የጨርቁም ሆነ የሐኪም ቤቱ ማስክ አቧራ ይከላከል ይሆናል፤ ጋዝ ግን ያሳልፋል። ጓንት ማድረግ ግን ለእጅ ይጠቅማል።

አራተኛ፣ ፈሳሹ የራስ ቅል ቆዳን እንዳይነካ ከሥሩ ራቅ አድርጎ መቀባት ያስፈልጋል። ማቃጠል ከጀመረ «ቻይው፣ ውበት ሥቃይ ነው» አይባልም፤ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ። ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው።

አምስተኛ፣ ከተሠራችሁ በኋላ ማስመለስ፣ የወገብ ወይም የጀርባ ሕመም፣ የሽንት ማነስ ከመጣ፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠርሙሱንም ያዙት፤ «ፀጉሬን ተሠርቼ ነበር» ብላችሁም ንገሯቸው። ካልነገራችኋቸው ሐኪሙ ወባ ወይም ታይፎይድ መስሎት ሌላ ነገር ሲፈልግ ቀን ያልፋል።

ስድስተኛው ለተጓዦች ነው። እንደዚያች እህታችን በጉዞ ዋዜማ አትሠሩ። ሦስት ቀን ሳይታጠብ የሚቆይ ኬሚካል በራሳችሁ ይዛችሁ፣ ሕመም ቢነሳ ሐኪም በሌለበት አውሮፕላን ውስጥ፣ ልጅ አቅፋችሁ ነው የምትሄዱት። ሹሩባ ተሠርታችሁ ብትሄዱ ለመንገድም ይመቻል፤ በደረሳችሁበት አገርም አምራችሁ ትታያላችሁ።

ሌላ መንገድ የለም ወይ?

አለ እንጂ! እናቶቻችን ያለ ጠርሙስ ፀጉር ያሳምሩ ነበር። ፀጉርን በለጋ ቅቤ ወይም በዘይት አለስልሶ፣ በሻሽ ጠቅልሎ አሳድሮ ማጠብ ድርቀቱን ያስታግሳል። የሀርጌሳ ሴቶች ደግሞ ቀሲል አላቸው፤ ከአገራችን ቁርቁራ ጋር ዘመድ ከሆነ ዛፍ ቅጠል የሚፈጭ ዱቄት ነው፤ በውሃ ተለውሶ ፀጉርና ፊት ይታጠቡበታል። በገበያው በርካሽ ይገኛል። ለሠርግ ቀን ብቻ ቀጥ ያለ ፀጉር ከተፈለገ፣ ያለ ኬሚካል አንድ ጊዜ በመጠነኛ ሙቀት መተኮስ ይበቃል፤ በሚቀጥለው እጥበት ይመለሳል፣ የሚተነፈስ መርዝም የለውም። መተኮሻው በከሰል የሚሞቅ ከሆነ ግን ከሰሉን ቤት ውስጥ አታንድዱ፤ የከሰል ጭስም ይገድላል።

ሹሩባም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። ፊት ለፊት ያለውን ፀጉር ወጥሮ መሥራት ሲደጋገም ግንባርን ይመልጣል። በተለይ ሕፃናት ልጆችን ስትሠሩ ላላ አድርጉ። «ካላመመ አያምርም» የሚሉትን አትስሙ።

የጠርሙሱ መጨረሻ

ያቺ ፀጉር ሰሪ ሁለት ቀን አሰበችበት። ከዚያ የተመዘገቡትን ስድስቱን ሰብስባ ነገሩን እንደነበረ ነገረቻቸው። የመጀመሪያዋ ቀድሞ ስለተሠራች ደኅንነቷን ጠየቀቻት፤ ደግነቱ ደኅና ነች። ከአምስቱ ሦስቱ በከፈሉት ልክ ሹሩባ እንድትሠራላቸው ተስማሙ። ሁለቱ ግን ገንዘባችንን መልሺ አሏት። በሁለት ወር ልትመልስ ተዋውላለች፤ የመጀመሪያውን ክፍያ ሰጥታለች፣ ሁለተኛው ይቀራል። የዱባይዋ እህት «ለፍቼ የላኩልሽን ናቅሽው» ብላ ተቀይማለች፤ በስልክ ስታስረዳት ሰንብታ ገና አልታረቁም። ለሠርጉ ግን አምስት ሹሩባ ሠርታ፣ ያየ ሁሉ «ማን ሠራሽ?» እያለ ጠይቆ ሌሎች ደንበኞች መጥተውላታል። ገቢው ኬራቲኑን አይተካም፤ ይህን እሷም እኛም እናውቃለን።

ጠርሙሱ አሁንም አለ። መሬት ላይ እንዳትደፋው፣ ልጆች ከሚደርሱበት አርቃ እንድታስቀምጠው መክረናታል። ልሽጠው ብላም ጠይቃን ነበር። «ለማን?» አልናት። ትንሽ ቆይታ «እውነት ነው፣ ለማን?» አለችና ከድናው ወደ ቤቷ ሄደች። የሕፃኑ ሳል ግን ለቆታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ውድ እህቶች፣ ፀጉራችሁ የናንተ ነው፤ ውሳኔውም የናንተ ነው። አየሩ ግን የሁላችንም ነው፤ በተለይ ከመጋረጃ ጀርባ የተኙት ልጆች ነው። ኬራቲን ተሠርታችሁ ያጋጠማችሁ ነገር ካለ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ለዝግጅት ክፍላችን ንገሩን። ፀጉር ሰሪዎችም ኑ፤ ሹሩባው በደንብ የሚከፈልበት ሥራ እንዲሆን ተሰባስበን ብንመክር መልካም ነው።

በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!